ሸራና ታምቡር

ሦስት ክረምት ሙሉ ከዋርካው ሥር ቆሞ፣
የአባኮዳ ኩስ ለብሶ፣ ቅጠል አገልድሞ፣
የአባቴ ዲኤክስ፣ ያ ነጩ፣ ያ ኩሩ፣
ከግቢው ጥግ ቀርቷል፣ ተጣብቆ ካፈሩ።

ሐዋሳ እርጥብ ናት፤ ሌሊት ሐይቁ ሲተነፍስ፣
ከቸርኬው ሾልኮ ይገባል፣ ብረት ብረቱን ሊልስ።

ፍሬኑን የሳብኩት እኔ ነኝ።
የለቅሶው ድንኳን በፈረሰ ማግስት፣ የኪራዩ ወንበር ገና ሳይመለስ፣
ወንድሜ ዳንጊሶ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ሲደርስ፣
«ለሥራ ይሆነኛል» ሲል፣ እንደ ዋዛ፣ ፊቴን ሳይመለከት፣
ገብቼ በሁለት እጄ ሳብኩት፣ ባለኝ ጉልበት።
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ… ዘጠኝ ጥርስ ቆጠርኩ፤ አባቴ ከአራት አያልፍም ነበር።
ሄደ። ቁልፉ እሱ ጋ፣ መኪናው እኔ ጋ፤
እንዲህ ሦስት ዓመት በዝምታ ስንከባበር።

ዘንድሮ ቀበሌው መጣና አጥራችንን ቀይ ቀለም ቀባ፤
«ሁለት ሜትር ለመንገዱ! መኪናው ይነሣ፣ ሌላ ሳምንት ሳይገባ።»
«ቁልፉን በልጅህ ላክልኝ» አልኩት በስልክ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤
ራሱ መጣ። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ከበሩ ቆመና፣ «እህ» አለ።

ሞተሩ እንኳ ተነሣ፤ አስሎ፣ ጥቁር ተፍቶ፣ ሁለቴ ነጥሮ፤
ማርሽ ሲገባ ግን ኋላው ቁጢጥ አለ፣ እንደ እንቢተኛ አህያ፣ ምድር ጭሮ።
የእጅ ፍሬኑ ማንሻ ወርዷል፤ ይኸው፣ እንደ ሰነፍ ክንድ ላላ፤
ሽቦው ግን እንደተሳበ ቀርቷል፣ ሸራውም ታምቡሩን ነክሶ ከኋላ።

ከመናኸሪያ ጀርባ የመጣው ሽኩር በክሪክ አነሣው፣
ከሽቦው መጋጠሚያ ናፍታ አንጠባጠበ፣
«ሸራው ላይ እንዳይደርስ! ሸራ ቅባት ከጠጣ፣ ቀን ጠብቆ ይከዳል» እያለ፤
ታምቡሩን ዙሪያውን፣ ቀስ እያደረገ፣ በመዶሻ መታ፤
ኳ… ኳ… እንደሚያፍር እንግዳ።
የመለሰለት ዝገት ብቻ ነው፤ ፊቱ ላይ ፈሰሰ በዝምታ።

«መነቅነቅ አለበት» አለ አውርዶት፤ «ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ።
አንዱ መሪው ላይ ይግባ፣ አንዱ ይግፋ፤ ሰው የለም ወይ ሌላ?»

ሰው አለ። ሁለት ነን። አንዳችን ዋርካውን፣ አንዳችን ጫማችንን አየን።
«ንገራት» አለ ዳንጊሶ ለሽኩር፣ ሁለት ክንድ ርቄው ሳለሁ፤
«እሷ ትግባ፤ እኔ እገፋለሁ።»
«ንገረው» አልኩ እኔም፣ «ወገቡን ያመዋል፤ ይጠንቀቅ።»
ሽኩር ከጎማው ጎን እንደተንበረከከ ጀመረ ብቻውን መሳቅ።

አንደኛ ማርሽ። የኋላ ማርሽ። እንደገና። ፍሪሲዮኑ ሸተተ።
ወንድሜን በመስተዋት አየሁት፤
መቼ ነው ይህ ራስ የተራቆተ?

ከዚያ፣ ጧ! እንደ ደረቅ እንጨት። አባኮዶቹ ከዋርካው ተነሡ፤
«ሰበርከው!» ብዬ ጮኽኩ፣ በቀጥታ ለሱ።
«ዘጠኝ ጥርስ ስበሽው» አለኝ እያለከለከ፣ እሱም በቀጥታ፤
«ቆሜ እቆጥር ነበር ያን ማታ።»

ዲኤክሱ ተንከባለለ። ከሥሩ አራት ማዕዘን መሬት ቀረ፣
ገርጥቶ፣ ሣር ያልነካው፤
የልጆች ኳስ፣ ትንፋሹ ያለቀ፣ መካከሉ ላይ ነበረ።

ሽኩር እጁን በቤንዚን ታጠበ፤ ሂሳቡን ግማሽ ግማሽ አዋጣን።
«ለሚቆም መኪና የእጅ ፍሬን አይሳብም፣ በተለይ በሐይቅ ከተማ፤
ድንጋይ አስደግፉ፣ ይበቃል» ብሎ ባጃጅ ተሳፈረ በጨለማ።

መኪናው የማን እንደሚሆን አላነሣንም።
ዳንጊሶ ከአጥሩ ድንጋይ አመጣ፣ ጎኑን ቀይ ቀለም የነካው፤
ከኋላ ጎማ ሥር አስገባሁት፤ እሱ በእግሩ ጫፍ ገፋ አድርጎ ለካው።
ሞተሩ ገና ይዞራል፣ ቁልፉ እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ፤
ሁለታችንም ቆመናል፣ ማጥፋቱን አንዱ ባንዱ ጥሎ።